ባቡሩን በዓይን አትለኩት፦ ስለ ሐዲድ ማቋረጫ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ሐዲድ ናቸው። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ በመስመሩ ዳር ያሉ መምህራን፣ አርብቶ አደሮችና ሹፌሮች ብዙ ይጠይቁናል። ውጭ አገር ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን የደረሱንንም ሁለት ጥያቄዎች አብረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ መተሃራ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሐዲዱን በቀን ሁለቴ ያቋርጣሉ። በራሪ ወረቀት ታድሏል፣ ስብሰባም ተጠርቷል። ልጆቹ ግን ዛሬም ሐዲድ ላይ ድንጋይ ይደረድራሉ፣ ባቡር እያዩ ሮጠው ይሻገራሉ። ምን ብናስተምር ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ ወረቀቱ ያልሠራው ልጆቹ አደጋውን ስለማያውቁ አይደለም። ባቡር እንደሚገድል የአምስት ዓመት ሕፃንም ያውቃል። የማያውቁት ባቡሩ በስንት ሰኮንድ እንደሚደርስ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ትልቅ ነገር ዓይንን ያታልላል። ከሩቅ ሲታይ መጠኑ ቶሎ ስለማይለወጥ የቆመ ወይም የሚያዘግም ይመስላል፤ በድንገት «የሚያድገው» መጨረሻ ላይ፣ መሸሻ ጊዜ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከገመድና ከሰዓት ይጀምሩት።

30 ሜትር ገመድ፣ አንድ ጣሳ ኖራ ወይም አመድ፣ ፉጨት (ፊሽካ) እና ሰኮንድ የሚቆጥር ስልክ ይበቃል። ቦታው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ይሁን፤ ለማስተማር ብለው ልጆችን ሐዲድ ዳር አይውሰዱ፣ ከትምህርቱ ይልቅ ቦታውን ይለምዱታል።

ሜዳው ላይ በ1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሁለት መስመር በኖራ ያስምሩ። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት ይኸው ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ መስመር ወደ ውጭ 3 ሜትር ለክተው ሌላ መስመር ያክሉ። ባቡሩ ከሐዲዱ ይሰፋል፤ በየጎኑ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት በሁለቱ የውስጥ መስመሮች ላይ አግድመው ሲያሳዩ፣ «ሐዲዱን ካልነካሁ አይነካኝም» የሚለው ሐሳብ ያለ ብዙ ንግግር ይፈርሳል።

አሁን ልጆቹ ከውጭኛው መስመር እስከ ውጭኛው መስመር ያሉትን ሰባት ሜትር ተኩል እንደ ልማዳቸው ይሻገሩ፣ እርስዎ ሰዓት ይያዙ። ብቻውን የሚራመድ ልጅ ከስድስት እስከ ስምንት ሰኮንድ ይፈጅበታል። ውኃ የሞላ ጀሪካን የተሸከመች ወይም ታናሽ ወንድሟን በእጇ የያዘች ልጅ አሥራ ሁለትም ልትደርስ ትችላለች። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ይጻፉት።

ቀጥሎ የባቡሩ ተራ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር በአንድ ሰኮንድ 22 ሜትር ያልፋል። በስምንት ሰኮንድ 178 ሜትር ይሆናል፤ ገመዱ ስድስት ጊዜ ተዘርግቶ ማለት ነው። አንዱን ልጅ እዚያ ርቀት ላይ ያቁሙትና «እሱ ባቡር ነው፤ አንተ አሁን መሻገር ብትጀምር እኩል ትደርሳላችሁ» ይበሉ። ብዙ ልጆች «እሩቅ እኮ ነው!» ይላሉ። ትምህርቱ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው። በመጨረሻ ክፍሉን ይዘው በመንገድ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ይጓዙ። ፍሬን የተያዘበት የተጫነ ባቡር ለመቆም ይህን ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ቁልቁለትና ዝናብ ካለበት ደግሞ ይብሳል። ብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ የሚጨብጥበት ስፋት ከሳንቲም ብዙም አይበልጥም፣ ከኋላ ደግሞ በሺህ ቶን የሚቆጠር ጭነት ይገፋል። ነጂው መሪ የለውም፤ ማድረግ የሚችለው ጥሩምባ መንፋትና ፍሬን መያዝ ብቻ ነው።

ድንጋዩን በተመለከተ «ባቡሩ ይገለበጣል» ብለው አያስፈራሩ፣ አንዱ ሊሞክረው ይፈልጋል። እውነቱን ይንገሯቸው፦ ጎማው ድንጋዩን ሲፈጭ ስባሪው እንደ ጥይት ይወረወራል፣ የሚያገኘውም ዳር ቆሞ የሚያየውን ልጅ ነው። ከሁሉ የከፋው ሐዲድ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ የሚገባ ጠጠር ነው። ተንቀሳቃሹ ሐዲድ እስከ መጨረሻ እንዳይገጥም ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ አያቴ ሐዲድ ላይ ጆሮ አድርጎ መስማት ባቡር መምጣቱን ያስታውቃል ይሉ ነበር። ይሠራል? (ከሞጆ)

መልስ፦ ድምፅ በብረት ውስጥ ስለሚጓዝ አያትዎ ሐሰት አልተናገሩም። ግን ጭንቅላትን ሐዲድ ላይ አስተኝቶ ደኅንነትን መጠበቅ ከሁሉም የመሻገሪያ ዘዴዎች የከፋው ነው። ቆሞ ሁለቱንም አቅጣጫ ማየት ያንኑ ያህል ይነግራል፣ ጭንቅላትም በቦታው ይቆያል።

ጥያቄ፦ በኤረር በኩል የቀበሌ ልማት ሠራተኛ ነኝ። በአካባቢያችን ከብትና ግመል ባቡር ይመታል። አጥሩ ይቀደዳል፣ ይጠገናል፣ ደግሞ ይቀደዳል። ሽማግሌዎቹን ስንሰበስብ «ባቡርን ከአባቶቻችን ጀምሮ እናውቀዋለን» ይሉናል። ምን ይደረግ?

መልስ፦ የሽማግሌዎቹ ቃል እውነት ነው፣ ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። የድሮው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባ ነው። ሐዲዱ አንድ ሜትር ብቻ የሚሰፋ፣ ጉዞው ዝግ ያለ፣ ከሩቅ የሚሰማ ነበር። በዚያ ባቡር የተለካ ልማድ አዲሱ ላይ አይሠራም። አዲሱ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ከፊት ለፊቱ ላለ ሰው ድምፁ ትንሽ ነው፤ ነፋስ ከነፈሰ ደግሞ ሳይሰማ ይደርሳል። ሽማግሌዎቹን «አታውቁም» ከማለት «የምታውቁት ሌላውን ባቡር ነው» ማለት ይሻላል።

ከዚያ ሒሳቡን ከእነሱ ጋር ይሥሩ። ስድሳ ከብት በሦስት በሦስት ቢሰለፍ ሃያ ረድፍ ነው። አንዱ ረድፍ ሦስት ሜትር ቢይዝ መንጋው 60 ሜትር ይረዝማል። የሐዲዱን ሰባት ሜትር ተኩል ጨምሩበት። መንጋ በሰኮንድ አንድ ሜትር ቢራመድ፣ የመጨረሻዋ ላም እስክትወጣ 68 ሰኮንድ ያልፋል። ባቡሩ በዚያ ጊዜ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሠላሳ ግመል ተቀጣጥሎ ቢያልፍ ደግሞ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ባቡሩም ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይቀርባል። ያን ያህል ርቀት የማይታይበት ኩርባ ወይም ጉብታ ካለ፣ መንጋውን በአንድ ጊዜ ማሻገር ዕጣ መጣል ነው።

መተላለፊያ በሌለበት፣ መሻገር ግድ ከሆነ፣ አደጋውን የሚቀንሰው ይህ ነው። ሁለት ልጆች ወደ ቀኝና ወደ ግራ ቀድመው ይላኩ፤ ኩርባው አልፎ የሚታይበት ቦታ ላይ ይቁሙ፣ ከሐዲዱም ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቁ። ምልክታቸው በጨርቅ ይሁን፤ ጨርቁ ከተነሳ ክፍት ነው፣ ጨርቁ ከወረደ ወይም ልጁ ካልታየ ዝግ ነው። ተቃራኒውን አታድርጉ፤ ልጁ ቢዘናጋ ወይም ቢተኛ «ክፍት» ተብሎ እንዳይነበብ ነው። መንጋውም በዘጠኝ በዘጠኝ ይከፈል። ዘጠኝ ከብት በአሥራ ሰባት ሰኮንድ ያልፋል፣ ባቡሩ በዚያ ጊዜ የሚመጣው 400 ሜትር ያህል ነው። ቀሪው መንጋ ከኋላ ተይዞ ይቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ቡድኑን ተከትሎ ያመለጠው ጥጃ ነው።

ጥጃው ከገባ ግን እረኛው ተከትሎ አይግባ። የደነገጠ እንስሳ ወደ ጎን አይወጣም። ከፍ ብሎ በተደለደለው ጠጠር ላይ እግሩ ስለሚሸሽበት ደልዳላውን መንገድ ይመርጣል፣ ያም ሐዲዱ ራሱ ነው። ባቡሩ እስኪደርስበት በመካከሉ ይሮጣል። ልጁም ከኋላው ይሮጣል።

አጥሩን በተመለከተ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው በክፋት ሳይሆን መንገድ ስለጠፋ ነው። ውኃ ወዲህ፣ ግጦሽ ወዲያ ከሆነና መተላለፊያው ሩቅ ከሆነ ሽቦው ይቆረጣል። ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ቦታውን በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። በሦስት ወር ውስጥ ቀዳዳዎቹ አንድ ቦታ ላይ ሲከማቹ ታያላችሁ፤ መተላለፊያ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ያን ካርታ ይዞ ባቡር ጣቢያ የሚሄድ ቀበሌ፣ አቤቱታ ብቻ ይዞ ከሚሄደው የበለጠ ይደመጣል።

ከሐዲዱ ሥር መተላለፊያ ካለ ደግሞ ከብቶቹ የማይገቡበት ምክንያት ይጠና። ጨለማ፣ የጎርፍ ደለልና የእግር ድምፅ የሚያስተጋባ ኮንክሪት ያስፈራቸዋል። ደለሉን ጠርጉ፣ ወለሉ ላይ ገለባና እበት በትኑ፣ መንጋውን የሚመሩትን አሮጌ ላሞች ጠዋት በጥማት ሰዓት ወደ ውኃው አቅጣጫ አስቀድማችሁ አስገቡ። አራት አምስት ቀን ከለመዱ ቀሪው ይከተላል። ለግመል ከሆነ ከነጭነቱ እንደሚያልፍ በዘንግ ለኩ፤ ዝቅ ያለው ቱቦ ለፍየል እንጂ ለግመል አይሆንም።

አንድ ነገር እንጨምር። ስብሰባ ላይ የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፣ መንጋ የሚጠብቁት ግን የአሥር ዓመት ልጆች። ትምህርቱ ልጆቹ ባሉበት፣ በውኃ ጉድጓዱና በገበያ ቀን፣ በሱማሌኛ፣ በአፋርኛ ወይም በኦሮምኛ ይሰጥ። በአማርኛ የታተመ ወረቀት እዚያ የሚያገለግለው ስኳር ለመጠቅለል ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ሐዲድና መንገድ በአንድ ደረጃ በሚገናኙበት ቦታ እንዴት ልለፍ? መሃል ላይ ብቆምስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ መኪናዎን ይለኩ። ከነተሳቢው 20 ሜትር ከሆነ፣ አደገኛውን ሰባት ሜትር ተኩል ጨምሮ ጅራትዎ እስኪወጣ 27 ሜትር ተኩል መሄድ አለብዎት። ከቆመበት ተነስቶ በእግረኛ ፍጥነት፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለዚህ 20 ሰኮንድ ይፈጅበታል። ባቡሩ 440 ሜትር ይመጣል።

ማቋረጫው ሲቃረብ ሬዲዮ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ረዳቱም በግራ ወይም በቀኝ ያለውን እንዲያይ ይነገረው። ከመጀመሪያው ሐዲድ ቢያንስ 5 ሜትር ርቀው ይቁሙ። ከመግባትዎ በፊት ማዶውን ይዩ። ለመኪናዎና ለተሳቢዎ የሚበቃ ክፍት ቦታ ከሌለ፣ ፊት ለፊትዎ ያለው ባጃጅ እስኪንቀሳቀስ ውጭ ይጠብቁ። ከኋላ ክላክስ የሚያስጮኽ ይኖራል፤ እሱ ባቡሩን አያቆምልዎትም።

የሚገቡበትን ማርሽ ከሐዲዱ በፊት ይምረጡና እስከ ማዶ አይቀይሩ። ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሽ ሲቀይሩ መኪናው ለቅጽበት ከሞተሩ ይለያያል፤ ማርሹ አልገባ ካለ ወይም ሞተሩ ከጠፋ፣ የቆሙት በዓለም ላይ መቆም በማይገባዎት ቦታ ነው። ሐዲዱ ከመንገዱ ጉብ ብሎ ከታየ ዝቅ ያለ ተሳቢ ሆዱን አስደግፎ ይቀራል። ዝቅተኛ ተሳቢ የሚነዳ ሰው በየመስመሩ የትኛው ማቋረጫ ጉብታ እንዳለው ከሌሎች ሹፌሮች አስቀድሞ ይጠይቅ። ሰበታና አዳማ መካከል ደግሞ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ አንዱ ባቡር ካለፈ በኋላ ሌላው ከተቃራኒው ሊመጣ ስለሚችል ጅራቱ ርቆ ሁለቱም ወገን ጥርት ብሎ እስኪታይ ይቆዩ።

መሃል ላይ ከቆሙና መኪናው አልነሳ ካለ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ። ጭነት፣ ወረቀት፣ ስልክ አይታሰብ። ባቡር ከታየ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከሐዲዱ እየራቁ በሰያፍ ይሩጡ። ይህ ለብዙ ሰው ግር ይላል። ባቡሩ መኪናውን ሲመታ ስብርባሪውን የሚጥለው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ከባቡሩ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሸሸ ሰው ፍርስራሹ ይደርስበታል። ባቡር ገና ካልታየ በቅርቡ ላለው ጣቢያ ይደውሉ፤ ቁጥሩን ዛሬ ከጣቢያው ጠይቀው ስልክዎ ላይ ይያዙት። ቦታውን ሲናገሩ «ከትልቁ ዛፍ ወዲህ» ሳይሆን፣ በሐዲዱ ዳር ባለው የሽቦ ምሰሶ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሁለት ሰዎች ካሉ በሁለቱም አቅጣጫ በሐዲዱ ጎን (በሐዲዱ ላይ ሳይሆን) እስከሚቻላቸው ርቀው ጨርቅ፣ በሌሊት የእጅ መብራት አጥብቀው ያወዛውዙ። ለባቡር ነጂ ማንኛውም በኃይል የሚወዛወዝ ነገር «ቁም» ነው።

መግቢያው ላይ የሚወርድ ማገጃ ዘንግ ኖሮ ውስጥ ከተያዙ ደግሞ ሰብረውት ይውጡ። ዘንጉ እንዲሰበር ሆኖ የተሠራ ነው፣ ዋጋውም ከሕይወት ይቀላል።

ጥያቄ፦ ጎረምሶች የቆመ ፉርጎ ላይ እየወጡ ፎቶ ይነሳሉ። ባቡሩ ቆሞ ሳለ ምን አደጋ አለው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አደጋው ከላይ ነው። በድሮው ባቡር ጣራ ላይ የተጓዘ ሰው ወርዶ ይተርክ ነበር፤ ያ ባቡር ከላዩ ሽቦ አልነበረውም። የአዲሱ መስመር ሽቦ 25,000 ቮልት ይይዛል። የቤታችን 220 ነው፤ ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ ኃይል እንዲነኩት አይጠብቅም፣ በቂ ከቀረቡት አየሩን ዘሎ ይመጣል። ፉርጎ ላይ የቆመ ሰው እጁን፣ ይልቁንም የፎቶ ማንሻ ዘንጉን፣ ሲያነሳ ሽቦው ጋ ይደርሳል። የተነሳው ፎቶ የመጨረሻው ይሆናል። ባቡሩ ቢቆምም፣ ሞተሩ ቢጠፋም ሽቦው በኃይል የተሞላ ነው።

ለቤተሰብ የሚነገረው ደንብ አጭር ነው፦ ከሽቦው ሁልጊዜ ሦስት ሜትር ራቅ በሉ፤ በእጃችሁ የያዛችሁትም ነገር ይቆጠራል። ፌሮ ወይም የብረት ቱቦ የጫነ አይሱዙ ሲሻገር ጭነቱ ወደ ላይ የቆመ እንዳይሆን፣ የተሸከመ ሰውም ቱቦውን አግድሞ እንዲይዝ። ልጆች ሐዲድ አጠገብ ወረቀት አያብርሩ፣ ውኃ ወደ ላይ አይርጩ። ሽቦ ተበጥሶ መሬት ላይ ከወደቀ አሥር ሜትር ራቁ፣ ሌላውንም አስቁሙ። በአቅራቢያው ከተገኛችሁ እግር ሳታነሱ፣ ሁለቱን እግር አጣብቃችሁ በትንንሽ እየተንሸራተታችሁ ውጡ፤ መሬቱ ራሱ ኃይል ስለሚይዝ በሰፊው የተራመደ ሰው በሁለት እግሮቹ መካከል ይያዛል። የወደቀውን ሰው በእንጨት እንኳ አትጎትቱ። ኃይሉ መቋረጡን የባቡሩ ሠራተኛ ሳያረጋግጥ ማንም አይጠጋ።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ያን ያህል አይፈጥንም። አጥሩን ዘሎ መሻገር ለምን ይጋነናል? (ከሳሪስ)

መልስ፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ቀላል ባቡር እንኳ በሰኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪይዝና ባቡሩ እስኪቆም በተለመደው አያያዝ 60 ሜትር ይፈጃል፤ በዚያው ፍጥነት ያለ ሚኒባስ ከግማሹም ባነሰ ርቀት ይቆማል። አጥብቆ ከያዘ ርቀቱ ያጥራል፤ ግን ቆመው የሚሄዱ ተሳፋሪዎች አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ በላይ መስመሩ ሁለት ነው። አጥር የሚዘል ሰው የሚያየው ከአንድ ወገን የሚመጣውን ነው፤ የሚያገኘው ሌላኛው ነው። ክረምት ላይ ጃንጥላ ወይም የጃኬት ቆብ፣ በጆሮ ላይ ደግሞ ማዳመጫ ሲጨመር ዓይንም ጆሮም ዝግ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምንኖረው፣ ሬይኒየር ቫሊ። እናቴ በቅርቡ ከአገር መጥታ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በመንገዱ መሃል የሚያልፈውን ባቡር ትሻገራለች። እንግሊዝኛ አትችልም። እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ እዚያ ማርቲን ሉተር ኪንግ መንገድ ላይ ያለው መስመር ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመኪና መንገዱ መሃል በመሬት ላይ ይሄዳል፣ ፍጥነቱም በሰዓት 35 ማይል፣ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ለእናትዎ ትልቁ ችግር እንግሊዝኛ አይመስለንም። እኛ አገር አንዲት እናት እጃቸውን አንስተው መንገድ ሲገቡ ሹፌር አክብሮ ይቆማል። ልማዱ የተከበረ ነው፤ ባቡሩ ግን ቢፈልግም አይችልም። መጀመሪያ የሚነገራቸው ይህ ይሁን።

እሑድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል አብረዋቸው ይሂዱና ያንኑ መሻገሪያ ሦስት ጊዜ ይሻገሩ። በመጀመሪያው እርስዎ ይምሩ፣ በሁለተኛው እሳቸው እየተናገሩ ይምሩ፣ በሦስተኛው እርስዎ ዝም ብለው ከኋላ ይከተሉ። መንገዱን በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን በክፍል ይሻገሩት፦ የመኪናውን መንገድ፣ ቆም፤ ሐዲዱን፣ ቆም፤ ሌላውን መንገድ። የሚራመደው ነጭ ሰው ምልክት ሲበራ ብቻ መነሳት፣ ቀይ እጅ ሲበራ የጀመሩትን ክፍል ጨርሶ መቆም። ደወል ከተሰማና አንድ ባቡር ካለፈ በኋላ ወዲያው አይግቡ፤ ከባቡሩ ጀርባ ሌላ ይመጣል። ነጠላቸው ጆሮና ጎን ዓይንን ከሸፈነ ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ገለጥ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ሆኜ የጭነት መኪና እነዳለሁ። የንግድ መንጃ ፈቃዴን በሐዲድ ጥፋት ልነጠቅ እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ። በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የማቋረጫ ጥፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ 120 ቀን፣ ለሦስተኛ አንድ ዓመት ከመንዳት ያግዳል። ጥፋቱ ያለ ማቆም ማለፍ ብቻ አይደለም፤ ማዶ በቂ ቦታ ሳይኖር መግባትና ከሥር ዝቅ ባለ ተሳቢ መያዝም ይቆጠራል። መፈተኛ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ይታወስ፦ የተለመደ ተሳቢ ነጠላ ሐዲድ ለማለፍ ቢያንስ 14 ሰኮንድ፣ ድርብ ከሆነ ከ15 በላይ ይፈጅበታል። ማስጠንቀቂያ መብራቱ ባቡሩ ከመድረሱ በፊት እንዲሠራ የሚጠበቀው ቢያንስ 20 ሰኮንድ ነው። ልዩነቱን ቀንሰው ይዩት። በ55 ማይል የሚሄድ የተጫነ ባቡር ለመቆም አንድ ማይል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ማዶ ያለውን ቦታ መለካት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው የታወቀው አደጋ ጥቅምት 25 ቀን 1995 (እ.ኤ.አ.) በኢሊኖይ ፎክስ ሪቨር ግሮቭ የደረሰው ነው። የተማሪዎች አውቶቡስ ቀይ መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ ጀርባው ሐዲዱ ላይ ቀርቶ ነበር። ሰባት ተማሪዎች ሞቱ። ከተያዙ መጀመሪያ ይውጡ፣ ከዚያ በማቋረጫው ላይ ያለውን ሰማያዊ ሰሌዳ ይፈልጉ። ስልክ ቁጥርና የማቋረጫው መለያ፣ ስድስት አሃዝና አንድ ፊደል፣ አለበት። ባቡር አስቁሙ ለሚለው መልእክት ፈጣኑ መንገድ ያ ነው።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ወጣቶች ተደራጅተን ስለ ሐዲድ ማስተማር ጀምረናል። ሰው ሰምቶ ያጨበጭባል። ለውጥ መምጣቱን እንዴት እናውቃለን? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ጭብጨባውን ተዉትና ቁጠሩ። ከማስተማራችሁ በፊት ሰው የሚበዛበትን አንድ መሻገሪያ ምረጡ፤ በገበያ ቀን ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ ሁለት ሆናችሁ፣ ከሐዲዱ አሥር ሜትር ርቃችሁ ተቀመጡ። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቆሞ ሁለቱንም ወገን አይቶ የተሻገረ፣ ሳይቆም የተሻገረ፣ ስልክ ወይም ማዳመጫ ይዞ የተሻገረ፣ ባቡር እየታየ የተሻገረ። ልጅ ከሆነ ከጎኑ ነጥብ። አምስተኛ ዓምድ አትጨምሩ፤ ቆጣሪው ይደክምና በግምት ይሞላዋል።

ያንኑ ቆጠራ በዚያው ቀንና ሰዓት፣ ካስተማራችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። በሁለት ሳምንት ቀንሶ በሦስት ወር ከተመለሰ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ድግግሞሹ አንሷል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈትና ከትልልቅ በዓላት በፊት መድገም ይረዳል። ጨርሶ ካልቀነሰ ችግሩ ከቦታው ነው። ሳይቆሙ የተሻገሩትን አሥር ሰዎች ጠርታችሁ «ለምን በዚህ?» በሏቸው። ድልድዩ ሩቅ ነው፣ መተላለፊያው ሌሊት ይጨልማል፣ ሽንት ቤት ሆኗል፣ ታክሲው የሚቆመው እዚህ ነው ይሏችኋል። ታክሲ ማቆሚያውን ሃምሳ ሜትር ወደ ድልድዩ እንዲጠጋ ማስደረግ ከአሥር ስብሰባ የበለጠ ሰው ሊያዞር ይችላል።

ለዕድርም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለመስጊድም ስትናገሩ ከአሥር ደቂቃ አትለፉ፤ ቁጥሩን፣ ገመዱንና የጣቢያውን ስልክ ብቻ ያዙ። የሞተ ሰው ፎቶ አታሳዩ። ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከሟቹ ዘመድ አንዱም እዚያ ሊኖር ይችላል።

ቆጣሪዎቻችሁ ወደ መቀመጫቸው ሲሄዱ ራሳቸው ሐዲዱን በአቋራጭ ከተሻገሩ፣ እነሱንም መዝግቡ።